«ሙት» ነጥብና አከራካሪ ነጥብ

ባለፈው መንፈቅ ዓመት በእንግሊዝኛ ፈተናችን ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ወጥታ ክፍላችንን ለሁለት ከፍላው ነበር። ዓረፍተ ነገሯ ወደ አማርኛ ስትመለስ «ሴባስቶፖል በመቅደላ እንደታሰበው ተኩሶ ቢሆን ኖሮ የጦርነቱ ፍጻሜ ይለወጥ ነበር ወይ የሚለው ሙት ነጥብ ነው» የምትል ናት። «ሙት» ብለን የጻፍነው የእንግሊዝኛውን ቅጽል ነው፤ ድምፁን እንደሚነበበው በፊደላችን አስቀምጠነዋል። ጥያቄው የዚህን ቅጽል ትርጉም ስጡ ይላል። ግማሾቻችን «አከራካሪ» ብለን ጻፍን። ግማሾቻችን «ያለቀለት፤ ቢያነሱት የማይረባ» አልን። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ወዳጃችን ግን ቃሉን ከዚያ በፊት አይቶት ስለማያውቅ በእናቱ ቋንቋ ሰምቶ «የሞተ» ብሎ ጻፈና ወረቀቱን አስረከበ።

መምህሩ ለ«አከራካሪ» ሙሉ ነጥብ፣ ለ«ያለቀለት» ዜሮ ሰጡ። ለ«የሞተ» የተሰጠው ዜሮ ግን በቀይ ቀለም ሁለት ጊዜ የተከበበ ነበር። ክፍሉም ሳቀ።

ይህ ጽሑፍ የነጥብ አቤቱታ አይደለም፤ ነጥቡ ቢመለስልን ግን አንጠላም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሉን ስንከታተለው ወዳጃችን የተሳቀበትን ያህል እንዳልተሳሳተ ተረዳን። ከዚህም አልፎ ቃሉ የራሳችንን ማኅበር ቃለ ጉባኤ እንደ ገና እንድናነብ አደረገን፤ ብዕር ያነሳነውም ስለዚሁ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። ይህ ቃል በጥንቱ እንግሊዝኛ ስም ነበር እንጂ ቅጽል አልነበረም። ትርጉሙም ሸንጎ፣ ጉባኤ ማለት ነው፤ የአንድ አገር ሰዎች ተሰብስበው ነገር የሚሰሙበትና ዳኝነት የሚሰጡበት ስብሰባ። ዛሬም በአንዳንድ የእንግሊዝ ከተሞች «የሙት አዳራሽ» የሚባል አሮጌ ሕንጻ አለ። አማርኛ ተናጋሪ ስሙን ሲሰማ የሬሳ ማቆያ ይመስለዋል፤ እሱ ግን የከተማው ሽማግሌዎች ይመክሩበት የነበረ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ቃሉ ለንደን ውስጥ የሕግ ተማሪዎች ወደሚያድሩባቸው ቤቶች ገባ። እነዚያ ተማሪዎች በምግብ አዳራሻቸው ውስጥ፣ በአንጋፋዎቻቸው ፊት፣ ያልተፈጸመውን ነገር እንደ ተፈጸመ አድርገው ሁለት ወገን ሆነው ይሟገቱ ነበር። ዛሬ የሕግ ተማሪዎቻችን «ምስለ ችሎት» የሚሉት ይህንኑ ነው። ቅጽሉ የተወለደው ከዚህ ነው፤ ለሙግት የቀረበ፣ ገና ያልተቆረጠ፣ ሁለት ወገን ያለው ማለት ሆነ። በግሥነት የሚገባበትም ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ አንድን ሐሳብ ለምክክር አቀረበ ማለት ነው። የመምህራችን መልስ እንግዲህ የእንግሊዝ አገር መልስ ነው፤ ትክክልም ነው።

ታዲያ «ያለቀለት» የሚለው ከየት መጣ? አሜሪካኖች ናቸው ያመጡት። ተማሪዎች በምግብ አዳራሽ የሚከራከሩበት ነገር የፈጠራ ነገር ስለሆነ ማንም ቢረታ የሚከፈል ዕዳ፣ የሚታሰር ሰው የለም። ስለዚህ የአሜሪካ ዳኞች ቃሉን ወስደው ፍርድ ቢሰጥበት በማንም ላይ ለውጥ ለማያመጣ ክስ አደረጉት።

ለዚህ ተማሪን የሚመለከት አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። ማርኮ ዴፉኒስ የሚባል ወጣት እ.ኤ.አ. በ1971 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት አመልክቶ ተቀባይነት አጣ። የመግቢያው መመዘኛ ለአንዳንድ ዘሮች የተለየ ስለሆነ ተበድያለሁ ብሎ ከሰሰ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ይግባ ብሎ ስላዘዘለት ትምህርቱን ጀመረ። ክሱ ግን በይግባኝ ሲወጣ ሲወርድ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1974 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ተማሪው ለመመረቅ የአንድ ዘመነ ትምህርት ሩብ ብቻ ቀርቶት ነበር። ዳኞቹም አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ይህ ልጅ ብንፈርድለትም ብንፈርድበትም መመረቁ አይቀርምና ነገሩ «ሙት» ነው ብለው ዋናውን ጥያቄ ሳይነኩት መዝገቡን ዘጉት። አራቱ ዳኞች ጥያቄው ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም ብለው ተቃወሙ። እንዳሉትም እ.ኤ.አ. በ1978 ባኪ በተባለ ሌላ አመልካች ስም ያው ጥያቄ እዚያው ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመ።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ አስተውል። ያ ጉዳይ በ1971 አከራካሪ ነበር፤ በ1974 ሙት ሆነ። በመካከሉ የጠራ ማስረጃ፣ የተረታ ወገን የለም። በመካከሉ ያለው ቀጠሮ ብቻ ነው። ሁለቱን የቃሉን ትርጉሞች መዝገበ ቃላት 1ኛ፣ 2ኛ ብሎ ለያይቶ ያስቀምጣቸዋል፤ በኑሮ ውስጥ ግን የአንድ ነገር ጧትና ማታ ናቸው። የሚያከራክረው ነገር ሳይከራከሩበት ጊዜው ካለፈ ይሞታል። ወዳጃችን «የሞተ» ብሎ መጻፉ በድምፅ ተታሎ እንደሆነ እናውቃለን፤ ዳሩ ግን ስቶ የደረሰበት ቦታ እኛ አውቀን ከደረስንበት ይበልጣል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

ባለፈው ኅዳር፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ሳምንት፣ ከክበባችን አሥራ አንድ ሆነን ወደ ጣራ ገዳም ሄደን ነበር። ከአዲስ ዘመን በላይ ያለውን ዳገት ስንወጣ ከሩቅ ጥቁር ጥላ የመሰለው ነገር ቀርበው ሲያዩት ወይራና ጽድ፣ ከሥራቸውም የተቆላለፈ ቁጥቋጦ ሆነ። ዙሪያው የታረሰ መሬት ነው። ከደኑ ጫፍ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲሟገቱ ደረስንባቸውና ሰላምታ ሰጥተን አጠገባቸው ዐረፍን። ሙግታቸው ከብት ወደ ደኑ ይግባ አይግባ የሚል ነበር።

አንደኛው «በሬ የገባበት ጫካ ሽማግሌ ብቻ የቀረበት ቤት ነው፤ ትልልቁ ዛፍ ይታያችኋል፣ ልጁ ግን የለም። ሣሩ ታጭዶ ይውጣ እንጂ በሬው አይግባ» አሉ።

ሁለተኛው ወደ እኛ ዘወር ብለው «ልጆቼ፣ እኚህ ሰውዬ የሚሉት ደግ ነው። ግን የሚያጭድ ልጅ ላለው ነው የሚሉት። የእኔዎቹ ሁሉም ከተማ ናቸው። በዚህ ወገቤ እኔ አጭጄ፣ እኔ ተሸክሜ ላብላው?» አሉን።

ፊተኛው ዝም አሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ «ይኸን አላሰብኩትም» አሉ። ከዚያ ማን ለማን እንደሚያጭድ፣ በምን ዋጋ፣ ለስንት በሬ እያሉ ሌላ ክርክር ጀመሩ። እኛ ስንነሳ አላለቀም ነበር።

ይህን ይዘን ተመለስን። በማኅበራችን የክርክር ሰዓት ላይ እንዲቀርብ «ከብት ወደ ጣራ ገዳም ደን ጨርሶ አይግባ» የሚል ርእስ ጽፈን አስመዘገብን። ሁለቱም ወገን ተናጋሪ ነበረው። የከብት ባለቤቶቹን ወገን ይዞ ሊናገር የተነሳው ከሊቦ ከምከም የመጣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበር፤ ወላጆቹ በዚያው አካባቢ በሬ የሚያውሉ ናቸው። በአዳራሽ ቆሞ ተናግሮ አያውቅም። ሁለት ሳምንት ሙሉ በማታ እየመጣ የሚናገረውን ሲያነብልን ሰንብቷል፤ መጀመሪያ ሲያነብ ድምፁ አይሰማም ነበር፣ በመጨረሻ ግን ጎረቤት ክፍል ያሉት ዝም በሉ እስኪሉን ደረሰ። በቀጠሮው ዋዜማ የተለጠፈው ማስታወቂያ እንዲህ የሚል ሆኖ ተገኘ፦ ጉዳዩ አከራካሪ ሆኖ ስለተገኘ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል።

አከራካሪ ሆኖ ስለተገኘ! የክርክር ሰዓት ነው እኮ የተባለው። የማያከራክር ነገር በክርክር ሰዓት ምን ሊሠራ ይመጣል?

ይህን ያሉ ሰዎች ክፉ ናቸው አንልም፤ ጓደኞቻችን ናቸው፣ አንዳንዶቹም ይህን ስናነብላቸው ስቀዋል። በዚህ ክልል ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ነገር ከቃል ወጥቶ ወደ ምን እንደሚደርስ ያላየ ተማሪ የለም፤ መጠንቀቃቸው ይገባናል። የተጠነቀቁት ግን ከሣርና ከበሬ ነው። ነገሩን ስንመረምረው ችግሩ ከሰዎቹ ይልቅ በቃሉ አለባበስ ላይ ሆኖ አገኘነው። «ተከራከረ» ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ሥራ ነው። «አከራከረ» ደግሞ ሌላ ነገር መጥቶ ሁለቱን እንዲከራከሩ ያደረገበት ነው። «አከራካሪ» እንግዲህ የሚያከራክር ማለት ነው። አድራጊው ጉዳዩ ሆነ፤ ሰዎቹ ከዓረፍተ ነገሩ ወጡ። «አጠያያቂ»፣ «አነጋጋሪ»፣ «አወዛጋቢ»፣ «አጨቃጫቂ» የተባሉት ወንድሞቹም ያው ናቸው፤ ሁሉም ነገሩን ሰው የሚያጋጭ አመለኛ በቅሎ ያስመስሉታል። እንግሊዛዊው «ይህ ለሙግት የቀረበ ነው» ሲል ወንበር ያዘጋጃል። እኛ «ይህ አከራካሪ ነው» ስንል በር እንዘጋለን። ያው ትርጉም ነው ተብሎ በፈተና ሙሉ ነጥብ የሚሰጥበት ቃል ሥራው ተቃራኒ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ቃሉን ከሚከራከሩበት ነገር ላይ ለጥፈን፣ ሊከራከሩበት ከሚገባው ነገር ላይ እናነሳዋለን። የደኑን ወገን ይዞ ሊናገር የነበረው ጓደኛችን (ይህን ከሚጽፉት አንዱ ነው፣ ስለዚህ እንድንወቅሰው ፈቅዷል) ንግግሩን የጀመረው «ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው በደን የተሸፈነ እንደነበር የታወቀ ነው» ብሎ ነው። ይህን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ያልሰማ የለም። ግን የታወቀ አይደለም። ጄምስ ማካን የተባለው የታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጽሑፍ የዚህን ቁጥር መሠረት ክፉኛ ተከራክሮበታል። በዚሁ በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናትን ደኖች ያጠኑ ሰዎችም በጣሊያን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ከአውሮፕላን የተነሱ ፎቶግራፎችን ከቅርብ ጊዜዎቹ ጋር አስተያይተው፣ በደኖቹ ዙሪያ ያለው መሬት ያን ጊዜም ቢሆን በአብዛኛው የተራቆተ እንደነበር፣ ደኖቹ ግን ጸንተው እንደቆዩ ጽፈዋል። ከዚያ በፊትስ እንዴት ነበር ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ አከራካሪ ማለትም እንዲህ ያለው ነው።

በሌላ በኩል ጓደኛችን ችላ ያለው ጠንካራ ማስረጃ ነበረው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር ደኖች ውስጥ ከብት የሚገባበትንና የማይገባበትን ክፍል ለይተው ተመልክተው፣ ከብት በማይደርስበት ቦታ ዘሩ ይበልጥ እንደሚበቅልና ቡቃያው ይበልጥ እንደሚተርፍ እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመዋል። የጣራ ገዳምም ዛፎች ዓይነታቸውና የመተካት ሁኔታቸው ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቷል። ስለዚህ በሬ ቡቃያ ያጠፋል ወይ የሚለው አሁን ብዙ አያከራክርም። የሚያከራክረው ሽማግሌው ያነሱት ነው፤ የሚያጭድ የሌለው ሰው ምን ይሁን? የክርክሩ ሰዓት ቢኖር ኖሮ አዳራሹ ይህን ልዩነት በአንድ ሰዓት ውስጥ ያገኘው ነበር። እኛ ያገኘነው ማስታወቂያውን ካነበብን በኋላ ተናደን መጻሕፍት ቤት ስንገባ ነው።

ለመሆኑ አማርኛ ለዚህ የሚሆን የተሻለ ቃል የለውም? አለው። ቅጽል ስላልሆነ ነው ያላየነው።

ይህ አገር የጉባኤ ቤት አገር ነው። በጋይንት በኩል ለድጓው ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋስዕቱ ዙር አምባ እንዳሉ እናውቃለን። የመጻሕፍቱ ትርጓሜ ትምህርት ራሱ «አራቱ ጉባኤያት» ይባላል። እንግሊዞች ከጉባኤ ስም ቅጽል እንዳወጡ፣ የእኛ ሊቃውንት ደግሞ በጉባኤያቸው ውስጥ አንዲት መስተጻምር ለዚህ ሥራ አቁመዋል፤ እሷም «አንድም» ናት። መምህሩ ንባቡን ያሰማሉ፣ ይተረጉሙታል፣ ምክንያቱን ይሰጣሉ። ከዚያ «አንድም» ብለው ሌላ ትርጉም ከነምክንያቱ ያመጣሉ። ፊተኛው አልተሰረዘም፣ ኋለኛውም አልተሸፈነም። ተማሪው ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል፤ የትኛው የት እንደሚያስኬድም ይጠየቃል።

ልዩነቱን አስተውሉ። ቅጽል በነገሩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ «አከራካሪ ነው» ብሎ ነጥብ ማድረግ፣ አራት ነጥብ ጥሎ መነሳት ይቻላል። መስተጻምር ግን ቀጥል ይላል። «አንድም» ብሎ ዝም ያለ ሰው ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰምና ጉባኤው ሁሉ ዓይን ዓይኑን ያየዋል።

የቆየው የአገራችን የሸንጎ ሙግትም እንዲሁ ነበር። «በላ ልበልሃ» ብለው የቆሙ ባላጋራዎች ባዶ እጃቸውን አይከራከሩም። በማር ይሁን በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረዳሉ፤ ያልሆነውን ሆነ ያለ ውርርዱን ይከፍላል። ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር ማለትን ሰምታችኋል። (ሙግትና የእንግሊዙ ሙት አንድ ዘር ናቸው ወይ ብሎ የጠየቀን አለ። አይደሉም፤ ድምፅ ነው የገጠመው።) «አከራካሪ ነው» ብሎ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሰው ግን የሚከፍለው ማርም በቅሎም የለም።

ይህን ስንል የጥንቱን ነገር ሁሉ ማር ማድረጋችን አይደለም። በጉባኤ ቤትም ቢሆን በሥልጣን የተዘጋ ክርክር አለ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየው የሃይማኖት ክርክር በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በተቀመጡበት ጉባኤ፣ በፍርድና በአዋጅ ተደመደመ፤ ከተረቱት ወገን የተቀጡም ነበሩ። የታሪክ ተማሪ ግን ክርክሩ ከአዋጁ በኋላም በየአጥቢያው እንደቀጠለ ያውቃል። በዚያው ዘመን በዚሁ አገር ሌላ ዓይነት መጨረሻ የገጠመው ነገርም አለ። አለቃ ገብረ ሐናን ሰው የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ ሊቅነታቸው ግን በአቋቋም ነበር። እንደሚነገረው አዲስ የዝማሜ ስልት አውጥተው ቢያሳዩ የጎንደር ሊቃውንት አንቀበልም አሉ። ልጃቸው ተክሌ ያንኑ ስልት ይዘው ደብረ ታቦር ላይ አስተማሩት፤ እስከ ዛሬም የተክሌ አቋቋም ይባላል። የጎንደሩም አለ፣ የደብረ ታቦሩም አለ። ማንም አልተላለፈም፣ ማንም አልተሰረዘም። ይህ ለእኛ በዕድሜያችን የምናየው «አንድም» ነው፤ ታቦር ኢየሱስ በበዓል ቀን የቆመ ሁሉ በዓይኑ አይቶታል።

የፈተናዋን ዓረፍተ ነገር ረስተናት አይደለም። ሴባስቶፖል በጋፋት፣ ከዚህ ከምንቀመጥበት የእግር መንገድ በሆነ ቦታ ተሠርቶ፣ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ በገደልና በሸለቆ ለወራት የተጎተተ መድፍ ነው። በደብረ ታቦር ቡና የሚጠጣ ሰው ሁሉ ስለ እሱ አንድ ሐሳብ አለው። ቢተኩስ ኖሮ ያሸንፉ ነበር የሚልም አለ፣ ጦሩ አስቀድሞ ከድቷቸዋልና አንድ መድፍ ምን ያደርጋል የሚልም አለ። በእንግሊዞቹ ትርጉም ከሄድን ነገሩ አከራካሪ ነው። በአሜሪካኖቹ ከሄድን ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን ሞተዋልና ማንም ቢረታ የሚለወጥ የለም። ፈተናውን ያወጡት መምህር የትኛውን እንዳሰቡ ከዓረፍተ ነገሯ ማወቅ አይቻልም፤ ሁለቱም ያስኬዳል። በጉባኤ ቤት ቢሆን «አከራካሪ» ያለውም «ያለቀለት» ያለውም ነጥቡን አግኝቶ፣ ምክንያት ያልሰጠ ብቻ ይወድቅ ነበር። በዚህ አካሄድ እኛም እንወድቅ ነበር፤ ማናችንም ምክንያት አልጻፍንም።

አሁን የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ከእንግዲህ በማኅበራችን ቃለ ጉባኤ ላይ «አከራካሪ» የሚለው ቃል ብቻውን አይጻፍ። ማን ከማን ጋር እንደሚከራከርበት፣ ነጥቡ ምን እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ አብሮ ይጻፍ። «ለሌላ ጊዜ» የሚባል ቀን በየትኛውም የቀን መቁጠሪያ ላይ የለም፤ በአገራችንም በፈረንጆችም ፈልገነዋል። ስለ ሣሩ ከሆነ የዘንድሮው ጊዜ አልፏል። ኅዳር ላይ የነበረው ሣር ታጭዷል ወይም ተበልቷል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እዚያ ያልነበርን ሰዎች አናውቅም። ርእሱ ለዘንድሮ በአሜሪካኖቹ ትርጉም ሙት ነው። ሣር ግን በየዓመቱ ይበቅላል፤ እንደ ባኪ ክስ ተመልሶ ይመጣል።

ርእሱን እንደ ገና አስመዝግበናል። ጸሐፊው ወረቀቱን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች ካነበበ በኋላ አዳራሹን ባይሰጠንም የታሪክ ክፍሉ የሚማርበትን ክፍል ሰጥቶናል፤ ቀኑም የፊታችን ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። የርእሱን አነጋገር ለውጠነዋል፤ አሁን «የሚያጭድ የሌለው ሰው በሬውን የት ያውል?» የሚል ነው። የደኑ ወገን ተናጋሪ 40 በመቶውን ትቶ ቡቃያውን ይዟል። ከሊቦ የመጣው ልጅ ግን ማስታወቂያው ከተለጠፈበት ቀን ወዲህ ወደ ክበቡ አልመጣም። ሁለት ጊዜ ክፍሉ ድረስ ሄደን ጠይቀነዋል፤ «ተላልፏል ተብሎ የለ?» ነው የሚለን። ወረቀቱ እኛ ዘንድ አለ፣ ቦታውም ክፍት ነው። እሱ ካልመጣ ለከብት ባለቤቶቹ ወገን የሚናገር አንድ ሰው ስለሚጎድለን፣ በሬ ያዋለ ወይም ሣር ያጨደ ተማሪ እስከ ረቡዕ ማታ ድረስ ስሙን ለክበቡ ቢሰጠን እናመሰግናለን።